ከልደት እስከ መጀመሪያው መርፌ

ትክትክን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ክትባቱ የሚያነሣው ጥያቄ ካላየው ሰው ጥያቄ የተለየ ነው። እናቴ ያደገችው በወሎ ገጠር፣ ክትባት ገና ባልደረሰበት ዘመን ስለሆነ፣ የበሽታው ስም በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የምታስታውሰው ድምፁን ነው፤ ሌሊት የአንድ ሕፃን ሳል ጎረቤት ድረስ እንዴት ይሰማ እንደነበር፣ ሳሉ አንዴ ከተነሣ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ እንዴት እንደማይለቅ፣ መጨረሻ ላይም ልጁ አየር ለመሳብ ሲታገል ከጉሮሮው የሚወጣውን ረጅም የሲቃ ድምፅ። እኔ ግን የተወለድኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የሕፃናት ክትባት ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ስለዚህ ትክትክ ለእኔ በክትባት ካርድ ላይ ከተዘረዘሩት ስሞች አንዱ ብቻ ነበር። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ የትክትክ ክትባት እንድወስድ ሲነገረኝ እኔ «የግድ አስፈላጊ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ በስልክ የነገርኳት እናቴ ደግሞ «ለነፍሰ ጡርም ተሠርቷል እንዴ? ተመስገን!» አለች።

ይህን የምጽፈው የእናቴ ጥያቄ ከእኔ ጥያቄ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ መሆኑን ስላመንኩ ነው። በተለይም በውጭ አገር የምንኖር እናቶች ስለዚህ መርፌ በቡና ላይ ስንጨዋወት የምሰማው ነገር ብዙ ጊዜ ግማሽ እውቀት ነው። አንዷ «ጉንፋን እንዳይዝ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ለመጀመሪያው ልጄ ወስጄዋለሁ፣ አይበቃም?» ትላለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «እርጉዝ ሴት ምን ብላ ትወጋለች?» ብላ ከነጭራሹ ትተወዋለች። ሦስቱም መልስ የሚገባቸው ንግግሮች ናቸው።

ከበሽታው ልጀምር። ትክትክን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ የቤልጂየም ሳይንቲስቶች ዡል ቦርዴ እና ኦክታቭ ዣንጉ በ1906 ብራስልስ ውስጥ ለይተው አሳድገውታል። ሲጀምር ከተራ ጉንፋን አይለይም፤ ንፍጥ፣ ቀላል ሳል፣ አንዳንዴ መጠነኛ ትኩሳት ብቻ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሕመምተኛው በሽታውን ወደ ሌሎች በብዛት የሚያስተላልፈው ማንም ትክትክ ነው ብሎ በማይጠረጥርበት በዚህ ወቅት መሆኑ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ የታወቀው ሳል ይመጣል። ልጁ ያለ እረፍት ደጋግሞ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ የሲቃው ድምፅ ይከተላል፣ ብዙ ጊዜም በማስመለስ ይደመደማል። ይህ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። የሳንባ መተላለፊያው በባክቴሪያው መርዝ ከተጎዳ በኋላ አንቲባዮቲክ ቢሰጥም ሳሉን ወዲያው አያቆመውም፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በሽታው ገና ሲጀምር ከተሰጠ፣ እንዲሁም ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ለመግታት ነው። ስለዚህም ነው ከሕክምናው ይልቅ መከላከሉ ላይ ይህን ያህል የሚተኮረው።

ትልቅ ሰው ሲይዘው የሚያሰቃይና እንቅልፍ የሚነሣ፣ አንዳንዴም የጎድን አጥንት እስከ መስበር የሚደርስ ሳል ይሆንበታል፤ ግን በአብዛኛው ይድናል። የአንድ ወር ሕፃን ጉዳይ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። እናቴ የምታስታውሰውን ያን ድምፅ የሚያወጡት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፤ ጨቅላው ያን ያህል አየር ስቦ ድምፅ ለማውጣት አቅሙ የለውም። ብዙ ጊዜ ሳሉ እንኳ ብዙም ጎልቶ ላይሰማ ይችላል፤ ሕፃኑ ጡት መጥባት ያቆማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ለተወሰኑ ሰከንዶች ቀጥ ይላል። በአሜሪካ ውስጥ ትክትክ ከያዛቸው ከአንድ ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከ3ቱ አንዱ ያህል ሆስፒታል መተኛት ያስፈልገዋል፤ በበሽታው ከሚሞቱት መካከልም አብዛኞቹ ገና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ያልተሻገሩ ናቸው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። «ልጄ አላሳለም፣ ስለዚህ ትክትክ አይደለም» ብላ የምትጠብቅ እናት እንዳትኖር ስለምመኝ ነው። ጨቅላ ሕፃን ትንፋሹ ከተቋረጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው ቅጽበት ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

በአገራችን ደግሞ እዚህ ላይ ተጨማሪ ችግር አለ። ሕፃን ሲያስልና ሲያስመልስ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ወደ ባህል አዋቂ መውሰድና እንጥሉን ማስቆረጥ በብዙ አካባቢ ዛሬም ያልጠፋ ልማድ ነው። ትንፋሽ አጥሮት የሚታገል ጨቅላን ጉሮሮ በምላጭ መንካት የሚያስከትለው የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ አለ። ከዚያ በላይ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ የሚችልበትን ወርቃማ ጊዜ ያባክናል። ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦች ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ የሳሉን ምንጭ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ግን ፍቅራቸው ወደ ተሳሳተ በር ይመራቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሕፃን በራሱ ክትባት ከትክትክ መከላከል የሚጀምረው በኢትዮጵያ ከ6ኛው ሳምንት፣ በአሜሪካ ደግሞ በመደበኛው መርሐ ግብር ከ2ኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ ሕፃኑ በራሱ ክትባት የሚከላከልበት አንዳች ነገር የለውም። በመጀመሪያው መርፌም ቢሆን መከላከያው ገና ጅምር ነው፤ በኢትዮጵያ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ተጨማሪ ክትባቶች ናቸው የሚያጠነክሩት። በሽታው ይበልጥ የሚገድለው ደግሞ በትክክል በዚህ ባዶ ጊዜ ውስጥ ነው። ሐኪሞች ለዓመታት ይህን ክፍተት ለመሙላት በሕፃኑ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ሁሉ መከተብን ሞክረው ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አባትን፣ አያትን፣ አክስትን፣ ሞግዚትን ሁሉ በሰዓቱ አግኝቶ መከተብ በተግባር አስቸጋሪ ሆነ። መፍትሔው የተገኘው እናቲቱን በእርግዝናዋ ወቅት በመከተብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ስትከተብ ሰውነቷ በትክትክ ባክቴሪያ ላይ አንቲቦዲ የሚባል በደም ውስጥ የሚዘዋወር በሽታ ተከላካይ ያመርታል፤ መጠኑም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከፍ ይላል። በዚያው ወቅት እንግዴ ልጁ ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ደም አንቲቦዲዎችን እየመረጠ ያሻግራል፤ ይህ ማሻገር በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይጨምራል። ሕፃኑ ሲወለድ እነዚህን አንቲቦዲዎች በደሙ ይዞ ይወለዳል፤ በየሳምንቱ እየቀነሱ ቢሄዱም እስከ ራሱ ክትባት ድረስ ያደርሱታል። አሜሪካ ውስጥ ክትባቱ የሚመከረው ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በተለይም በዚያ መጀመሪያ አካባቢ ነው። በእንግሊዝ ግን ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ ጊዜው ቀደም መደረጉ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትንም ይጠቅማል። «ለመጀመሪያው ልጄ ወስጄዋለሁ» ለምትለው እናት መልሱ ያለው እዚሁ ነው። በደሟ ያለው አንቲቦዲ በዓመታት ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ ለሁለተኛው ልጅ የሚሻገረው በቂ አይሆንም። ስለዚህም አሜሪካ ከ2012 ጀምሮ ክትባቱን በእያንዳንዱ እርግዝና እንዲሰጥ አድርጋለች።

ውጤቱስ? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚያሳየው፣ እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ስትከተብ ከ2 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከሚደርሰው ትክትክ 78 በመቶ ያህሉን፣ ሆስፒታል ከሚያስተኛው ደግሞ 90 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። እንግሊዝ በ2012 ወረርሽኝ ገጥሟት 14 ሕፃናት ከሞቱባት በኋላ የነፍሰ ጡሮችን ክትባት በዚያው ዓመት ጀመረች፤ ከ90 በመቶ በላይ ውጤታማነትም በጨቅላዎቹ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ ግን ክትባቱን የሚወስዱ እናቶች ቁጥር በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ መጣ፤ በ2024 እንግሊዝ ውስጥ በላቦራቶሪ የተረጋገጡት ታማሚዎች ወደ 15,000 ተጠግተው 11 ሕፃናት ሞቱ። በአሜሪካም በዚያው ዓመት ከ35,000 በላይ ሰዎች በትክትክ ተይዘው ተመዝግበዋል። ስለዚህ «እዚህ አገር ትክትክ የለም» የሚለው ንግግር እውነት አይደለም።

የክሊኒኩ ነርስ ኢትዮጵያዊት ነበረች። የመጀመሪያ ልጄን አዲስ አበባ ሳረግዝ ክንዴ ላይ ተወግቼ እንደነበር ስነግራት ፈገግ ብላ «እህቴ፣ እዚያ የወሰድሽው የመንጋጋ ቆልፉን ነው፤ ይሄኛው መንጋጋ ቆልፍም፣ ዘጊ አናዳም አለው፣ ትክትክም ተጨምሮበታል» አለችኝ። ልዩነቱን ያወቅሁት ያኔ ነው። በኢትዮጵያ ለነፍሰ ጡሮች በመደበኛው ክትትል የሚሰጠው ቲዲ የሚባለው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን (ዲፍቴሪያን) ይከላከላል፤ የትክትክ ክፍል ግን የለበትም። እዚህ የሚሰጠው ቲዳፕ የሚባለው ነው። ይህን ማወቅ በሁለቱ አገሮች መካከል ለምንመላለስ ሴቶች እጅግ ጠቃሚ ነው፤ «አገር ቤት ተከትቤያለሁ» ብሎ መተው ሕፃኑን ያለ መከላከያ ያስቀራልና።

ፍርሃቷን በግልጽ ለምትናገር ነፍሰ ጡር ክብር አለኝ። በሆዷ ላለው ልጅ ስትል ቡናዋን የቀነሰች፣ ራስ ምታቷን ያለ ክኒን የቻለች ሴት መርፌ ሲቀርብላት ብትጠራጠር ጥርጣሬው ከኃላፊነት ስሜት የመጣ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸሽግ ልናገር። ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ የለበትም፤ ስለዚህ እናትንም ፅንስንም ትክትክ ሊያሲዝ አይችልም። የተወጋው ክንድ ያማል፣ ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ እኔንም ክንዴን አሞኝ በዚያ ጎን መተኛት ከብዶኝ ነበር። በብዙ አገሮች እጅግ ብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉ ክትትሎች ክትባቱ ያለ ጊዜ መውለድን ወይም የፅንስ ሞትን እንደማይጨምር አሳይተዋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከእናት የተሻገረው አንቲቦዲ ሕፃኑ በኋላ ለራሱ ክትባት የሚሰጠውን ምላሽ በመጠኑ ሊያለዝበው እንደሚችል ተመራማሪዎች አይተዋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ጥቂት አስቤበታለሁ። ነገር ግን ሚዛኑ ግልጽ ነው፤ በኋላ በተጨማሪ ክትባት የሚጠገን መጠነኛ መለዘብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚመጣ የትንፋሽ መቋረጥ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ፍርሃት ክትባቱን ሲያሸንፈው ምን እንደሚከተል ደግሞ ታሪክ አሳይቶናል። በ1970ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ የያኔው የትክትክ ክትባት የአንጎል ጉዳት ያመጣል የሚል ወሬ በሰፊው ተሰራጨ፤ የሚከተቡት ሕፃናት መጠን ከሦስት አራተኛ በላይ ከነበረበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ትልልቅ ወረርሽኞችም ተከተሉ። ጃፓን በ1975 ሁለት ሕፃናት ከክትባት በኋላ መሞታቸውን ተከትሎ ክትባቱን ለጊዜው አቆመች፤ በ1979 ከ13,000 በላይ ሰዎች ተይዘው 41 ሰዎች ሞቱ። የፈራችው እናት ልጇን ለማዳን ብላ ነበር የፈራችው፤ ይህ ነው ልብ የሚሰብረው። ጃፓኖች ግን በዚያ አልቆሙም። ከባክቴሪያው የተመረጡ ክፍሎችን ብቻ የያዘና ትኩሳትና እብጠት የሚቀንስ አዲስ ክትባት ሠርተው በ1981 መስጠት ጀመሩ፤ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሕፃናትም ለነፍሰ ጡሮችም የሚሰጠው የዚህ ዓይነቱ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የትክትክ ክፍል ግን የቀድሞው፣ ሙሉ ባክቴሪያው ተገድሎ የሚዘጋጀው ነው። እሱ ትኩሳት በማምጣት ይብሳል፤ በምትኩ የሚሰጠው መከላከያ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። አዲስ አበባ ልጄ በተከተበ ማግስት ያተኮሰውን ሌሊት ሳስታውስ አሁን በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ክትባቱን መጀመሪያ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለሠሩት ሴቶች ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ፐርል ኬንድሪክ እና ግሬስ ኤልደሪንግ በሚቺጋን ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ በመንግሥት የጤና ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ትክትክ ይዟቸው ነበር። በ1930ዎቹ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አገሪቱን ባደቀቀበት ወቅት፣ የቀን ሥራቸውን ሲጨርሱ ማታ ማታ በድሆች ቤት እየዞሩ የታመሙ ልጆች በሳህን ላይ እንዲያስሉ እያደረጉ ናሙና ይሰበስቡ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 200,000 የሚጠጉ ልጆች በትክትክ ይታመሙ፣ 9,000 ያህሉም ይሞቱ ነበር። በኋላ የተቀላቀለቻቸው ጥቁር አሜሪካዊት ኬሚስት ሎኒ ጎርደን ለክትባቱ የሚሆነውን ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር በትዕግሥት ፈልጋ በማግኘት ረድታለች። በእነዚህ ሴቶች ዘመን የነበረችው እናት የነበራት ምርጫ መጸለይና መጠበቅ ነበር። ስማቸው በእኛ ዘንድ አለመታወቁ ያስቆጨኛል።

ክትባቱ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የሚሰጠው የሕፃናት ክትባት አምስተኛው መርፌ በተሰጠበት ዓመት ሁሉንም ልጆች ሊባል በሚችል ደረጃ ይከላከላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን መከላከያው የሚቆየው ከ10 ልጆች በ7ቱ ያህል ነው። እዚህ አገር ልጆች በ2፣ በ4 እና በ6 ወር ከተከተቡ በኋላ በ15ኛውና በ18ኛው ወር መካከል፣ እንደገና ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ በኋላም በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው የሚደገምላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል የአዲስ አበባውን ካርድ ስናሳይ ሦስቱ መርፌዎች ተቆጥረውለት የቀረውን እንዲያሟላ ተደረገ። ከአገር ቤት ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ያችን ካርድ እንደ ፓስፖርት ጠብቀው ይያዟት። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ሳልን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚያመጡ ስለሆኑ፣ የእነሱ ክትባት መሟላት የጨቅላውም ጉዳይ ነው።

የአራስ ቤት ልማዳችንም እዚህ ላይ ይመጣል። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሐኪሜ ሕፃኑን ከማቀፏ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ እንድትከተብ መከረኝ፤ ልነግራት አፍሬ ነበር። እሷ ግን «ልጄ፣ እኔ ያን ሳል ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ ውሰጂኝ» አለችኝና በማግስቱ ፋርማሲ ሄደን ተከተበች። ጠያቂዎችን መመለስ ግን ይበልጥ ከባድ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ምግብ ተሸክሞ የመጣን ሰው ሕፃኑን አትሳም ማለት በእኛ ባህል እንደ ንቀት ይቆጠራል። ባለቤቴ በር ላይ እየቆመ ጉንፋን ያለበት እንዳለ በትሕትና ይጠይቅ ነበር፤ ቅር ያላቸው አልጠፉም። እኔ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። የአራስ ጥየቃ ፍሬ ነገሩ እናቲቱን ማገዝና ማጫወት ነውና፣ ገንፎውን አብሮ በልቶ ሕፃኑን ከሩቅ መርቆ መሄድ ይቻላል።

ይህን ሁሉ በተማርኩበት ወቅት ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በጤና ጣቢያ ክትትሏ ቲዲ ወስዳለች። ኢትዮጵያ ቲዲንና ከእሱ የቀደመውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለእናቶች በማዳረስ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት በማስተማር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የማኅበረሰብ ጤና ችግር ከማይሆንበት ደረጃ መድረሷ ተረጋግጧል። ነፍሰ ጡርን መከተብ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን ትክትክም በዚያው መርፌ ውስጥ እንዲካተት ከልቤ እመኛለሁ። በጃናሞራና በዳራ ማሎ ወረዳዎች ባለፉት ዓመታት የተነሡት ወረርሽኞች በሽታው ከአገራችን እንዳልጠፋ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሦስተኛውን ፔንታቫለንት የወሰዱት ዕድሜያቸው ለክትባቱ የደረሰ ሕፃናት 61 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እህቴ የወለደችው ሴት ልጅ ነው። በቤተሰባችን ልማድ ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትወጣም፤ የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ በ80ኛው ቀን ነው። ወንድ ቢሆን በ40ኛው ቀን ክርስትናው ተነሥቶ በ42ኛው ቀን ለ6ኛው ሳምንት ክትባት ይደርስ ነበር። አክስቴ «ከክርስትናዋ በኋላ ትከተባለች፣ ምን ያስቸኩላል?» ስትል እህቴ ደውላ ጠየቀችኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃኗ የምትጠመቅበትን ቀን ይወስናል እንጂ ጤና ጣቢያ መሄድን እንደማይከለክል፣ የንስሐ አባቷንም ጠይቃ እንድታረጋግጥ ነገርኳት። ለእሷ ልጅ ከእናቷ የተሻገረ የትክትክ መከላከያ ስለሌላት፣ እዚያ ቤት አንድ ሳምንት መዘግየት ከእኔ ቤት መዘግየት ይልቅ እንደሚከብድም ነገርኳት። ቄሱ «ሂጂ፣ ልጅቷን አስከትቢ» አሏት። በ42ኛው ቀን ጠዋት በነጠላ ጠቅልላ ወሰደቻት፤ ሁለተኛው በ70ኛው ቀን ስለሚውል ለክርስትናዋ ሁለቱንም ወስዳ ትደርሳለች።